ሎሚ ያበሰለው ወረፋ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ካያዎ ወደብ ላይ፣
ካፊያው እንደ ወንፊት ሲረግፍ ከሰማይ፣
ከአንድ ጀልባ የወጣ ኮርቪና ተሸክሜ፣
ገበያ እገባለሁ ውሾቹን ቀድሜ።
ሁለት ሣጥን ለኤራስሞ፣ አንዱን ለዶሚቲላ፤
ያው ዓሣ፣ ያው ሎሚ፣ ሽንኩርቱም አይደል ሌላ።
መሃሉ ስድስት እርምጃ፤ በር ከበር ይተያያል፤
እዚያ ሰው እንደ ጉንዳን፣ እዚህ ወንበር ያዛጋል።

ጋሪ ገፊው፣ ሎተሪ ሻጩ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣
አንድ ጥያቄ ነው ሲያገኙኝ የሚያነሱ፦
«ያን ያህል ነው እንዴ? ሁለት ሰዓት የሚያስቆም?
እስቲ ንገረን ፋውስቲኖ፣ ወሬው ነው ወይስ ጣዕም?»
እኔ ምን አውቃለሁ?
ዓሣውን አውቃለሁ፤ ሳህኑን አላየሁም።
ሃያ ዓመት ሙሉ የገባሁት በጓሮ፣
የፊት በሩን ነገር ምን አውቆት የኔ ኑሮ!

እሳት የለም እዚያ፤ ድስት አይጣድም።
ሎሚ ይጨመቃል ጥሬው ዓሣ ላይ፤
ሲነጣ፣ ሲኮማተር፣ ሲጠና ቆመህ ስታይ፣
ሌላ ጥበብ የለም፤ ደቂቃ ይቆጠራል፣
ያልነደደም ነገር እንዲህ ይበስላል።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ልቤ እምቢ አለና፣
ሸክሜን ለእህቴ ልጅ ለዊልበር ሰጠሁና፣
ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣
እንደ ማንም እንግዳ በፊት በር መጥቼ፣
ሰልፉ ጭራ ላይ ቆምኩ።

ከፊቴ ሴኞራ ኦብዱሊያ፣ ጡረተኛ መምህርት፣
ማንኪያዋን በመሀረብ ጠቅልላ የመጣች ከቤት።
«ማንኪያውን አላምንም» አለችኝ፤ «ዓሣውን ግን አምናለሁ፤
ባሌ በሕይወት ሳለ ጀምሮ፣ ይኸው፣ እመጣለሁ።
ያኔ ሰልፍ አልነበረም፤ ኤራስሞ ራሱ
ይለምን ነበር፣ አላፊውን ይዞ በልብሱ።»
«ታዲያ ምን ተለወጠ?»
«አንድ ቀን አንዱ ቆመ። ሁለተኛው ‹ምን አለ?› ብሎ ቆመ።
ሦስተኛው የቆመው ሁለቱ ስለቆሙ ነው።»
«አንቺስ?»
«እኔማ ስለ ዓሣው ነው» አለች፤ ማንኪያዋን ጨብጣ።

አንድ ሰዓት ሄደ። ካፊያው አንገቴ ገባ።
ከኋላዬ ሕፃን ተኛ፣ ነቃ፤ ጫማዬም ውሃ ጠባ።
በበሩ ስንጥቅ የሎሚው ሽታ ይመጣል፤
ምራቄ ቀደመኝ፤ ሆዴ ይንጫጫል።
ሃያ ዓመት የጠላሁት፣ ከእጄ አልለቅ ያለው፣
ያ የዓሣ ጠረን እንዲህ ነው የሚናፈቀው?
ጥሬ መጥቼ ነበር፣ በቋሚው እየሳቅኩ፤
እሳት ሳይነካኝ ግን ወረፋ ላይ በሰልኩ።

ኦብዱሊያ ገባች። ቀጥሎ እኔ ነኝ።
የኤራስሞ ልጅ ወጣ፣ እጁን እየጠረገ፤
«ይቅርታ፣ አልቋል» አለና በሩን ገርበብ አደረገ።
«እንዴት ያልቃል? ገና በስምንት ሰዓት?»
«የዛሬው ተሸካሚ ልጅ ነው፤ አንድ ሣጥን ነው ያመጣው።
ዋናው ሰውዬ እረፍት ወጥቶብን ነው።»
ትክ ብሎ አየኝ።
አላወቀኝም። ሸሚዙ ነው መሰል።

ስድስት እርምጃ ተራመድኩ። ዶሚቲላ ወንበር ሳበች፤
ሳልጠይቃት ዓሣውን፣ በቆሎውን፣ ስኳር ድንቹን አቀረበች።
ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ጥርስ ላይ የሚጠና፤ ቃሪያው ጆሮ የሚያግል።
በላሁ። ሳህኑን አዘንብዬ ጭማቂውን ጠጣሁ።
«እንዴት ነው?»
«ግሩም ነው» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።
«ታዲያ ምነው ዓይንህ አለቅ አለ ያን በር?»
መልስ አጣሁ። እሷ ሎሚዋን መቁረጥ ቀጠለች።

ማታ ዊልበርን ያዝኩት፦
«ለኤራስሞ ሁለት፣ ለእሷ አንድ አላልኩህም?»
«ብለኸኛል አጎቴ፤ በሩን ግን አላሳየኸኝም።
ሰው ያለበቱን ልለይ ብዬ ቆሜ ባይ፣ ባይ፣
ሌሊት እኮ ሁለቱም ጋ ማንም የለም።»